ሰባ ፊደል

ሰኞ፣ አንደኛ ዙር

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቢሮ ሥራ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ በደብተር አይያዝም ስለተባልኩ ለራሴ አድርጌዋለሁ።

ጠዋት አለቃዬ አስጠራኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚህ ሲቀጠር ሥራውን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ "ጋሼ" እያለ፣ ወንበር እየሳበልኝ፣ በጨዋ ደንብ ነው ያረደኝ። ድርጅታችን ሶፍትዌር የሚሠራበትን መንገድ ሊለውጥ ነው። አዲሱ መንገድ አጃይል ይባላል። የመጀመሪያው መሞከሪያ የሆስፒታሉ ሥራ ነው፦ ታካሚ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር ተራውን የሚይዝ፣ ለቤተሰቡም በስልክ የሚያሳውቅ ፕሮግራም። ሥራው ስድስት ዙር አለው፤ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ሳምንት። ከስድስተኛው ዙር በኋላ ቡድኑ ከእኔ ጋር መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቃል። ካልፈለገ በመግባባት እንለያያለን። "በመግባባት" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመው። ለጡረታ አራት ዓመት ይቀረኛል።

ዙሩን ስፕሪንት ይሉታል። የአጭር ርቀት ሩጫ ማለት ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አርፋለሁ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሶፋው ላይ ቀኝ ጎኗን ይዛ ተጋድማ ነበር። ምን ልታደርግ አሰብክ አለችኝ። ምንም አልኳት። በትክክል የሚሠራ ሰው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።

ማክሰኞ

የቁም ስብሰባ። አዲስ የመጣችው ወጣት ማዕረጓ ረጅም ነው፤ ሥራዋ ግን እኛን ግድግዳ ሥር ማሰለፍ ስለሆነ አሰላፊዋ ብያታለሁ። ስልኳ ላይ ሰዓት ታስጀምራለች። እያንዳንዱ ሰው ትናንት ምን ሠራ፣ ዛሬ ምን ይሠራል፣ ምን እንቅፋት ገጠመው። እንቅፋትዎ ምንድን ነው ጋሼ አለችኝ።

"መቆሙ" አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። አልቀለድኩም።

ሐሙስ

የፍላጎት ሰነድ የለም። ጠየቅኩ፤ የለም። ላለፈው ሥራ መቶ አርባ ገጽ ጽፌ ነበር። ደንበኛው በየገጹ ፈርሞበታል። (አሰላፊዋ አንብበውት ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ፈርመውበታል አልኳት።) አሁን በሰነዱ ፈንታ ግድግዳው ላይ ቢጫ ወረቀት ይለጠፋል። በአንድ ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር። ማራገቢያው በበራ ቁጥር የሆስፒታሉ ግማሽ ፍላጎት ወለል ላይ ይበተናል።

ፍላጎቱን የሚነግረን ከሆስፒታሉ አስተዳደር የተላከ ሰው ነው። "የምርቱ ባለቤት" ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ተተኩሶ ነው የሚመጣው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያውቅም። ታካሚው ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ይጠራል፣ ከዚያ... እንደዚያ ነገር። እንደምን ያለ ነገር? ስለው፣ ያው ገብቶሃል አይደል ይለኛል። አልገባኝም። ስሙን "እንደዚያ ነገር" ብዬዋለሁ።

ዓርብ

በሥራ ሰዓት ካርታ ተጫወትን። እውነቴን ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የክብደቱን ነጥብ በካርታ እናወጣለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት። አንድ ነጥብ ስንት ሰዓት ነው አልኩ። ነጥብ ሰዓት አይደለም አለችኝ አሰላፊዋ። ታዲያ ምንድን ነው? ስሜት ነው።

ስሜት።

በሁሉም ላይ ስምንት ጣልኩ።

ቅዳሜ

ባለቤቴ ከአልጋ ሆና፣ ከመሳቢያው ያንን ነገር አምጣልኝ አለችኝ። የቱን መሳቢያ፣ ምን ዓይነት ነገር፣ ቀለሙ ምን? አልኳት። ያንን ነገር እኮ ነው አለች። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ የሰማሁት ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ሲመጣ አንጀቴ በገነ። ነገሩ እስኪገለጽ ድረስ ከወንበሬ አልነሳም አልኩ።

ራሷ ተነሥታ፣ ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ ሄዳ አመጣችው። ሙቅ ውሃ የሚሞላበት ላስቲክ ነው። አራት ቃል ነው። ብትለኝ አመጣው ነበር።

ረቡዕ፣ ሁለተኛ ዙር

ዛሬ የተለጠፈው ወረቀት፦ "ታካሚው ሲያልፍ ለቤተሰብ ወዲያው መልእክት ይሂድ።"

አርባ ደቂቃ ተከራከርኩ። ቤተሰብ ማን ነው? አንድ ታካሚ አሥራ አንድ ሰው አስከትሎ ቢመጣስ? "ወዲያው" በስንት ሰከንድ ነው? መልእክቱ ባይደርስ ስንት ጊዜ ይደገማል? እንደዚያ ነገር ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ ቤተሰብ ማለት ሲመዘገቡ ስልኩን ያስመዘገበ አንድ ሰው፣ ወዲያው ማለት በሠላሳ ሰከንድ፣ ድግግሞሹ ሦስት ጊዜ ተብሎ ተወሰነ። ወረቀቱ ላይ ክፍተት አልቀረም። አስፈርሜው ከግድግዳው ነቅዬ እዚህ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ፤ ማስረጃ ነው።

አሰላፊዋ ከስብሰባው በኋላ ቀስ ብላ መጣች። ሆስፒታሉ ሄደን የመጠባበቂያ አዳራሹን ብናይስ? አለችኝ። "ሰው እኮ የሚፈልገውን የሚያውቀው ሲያየው ነው፣ ጋሼ።" የሚፈልገውን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ አውቆ ይምጣ አልኳት። የሚያስፈልገኝ በጽሑፍ ነው፤ አዳራሽ ሰነድ አይደለም።

እሑድ

ከቤት ሆኜ ከአለቃዬ ጋር በስልክ ተነጋገርኩ። ስዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ጠቁሯል።

ያልኩት ይህን ነው፦ "ባለቤት ተብሎ ምን ዋጋ አለው፣ የሚፈልገውን አያውቅ! ስጠይቀው ይኮሳተራል፣ የፈለገውን ስሰጠው አይደለም ይላል። ይቀየርልኝ!"

የምርቱን ባለቤት ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ወንድ ባለቤት እንደሆነ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ እንደሆነ ሳይቀር ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ሰምታ ስትጨርስ ግን እንዲህ አለች፦

"ልክ ነው፣ ግን ስለ እሱ ስታወራ ስለ እኔ ነው የሚመስለው።"

ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ዙር

መልእክቱን ራሴ ጻፍኩት። ለሌላ ሰው ብተው ስሜት ይጽፉበታል።

በእኛ ፊደል አንድ የስልክ መልእክት ሰባ ፊደል ነው የሚይዘው፤ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። ካለፈ ለሁለት ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ አንዳንዴ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ሰባ። መጀመሪያ የጻፍኩት ይህ ነው፦

"ከሆስፒታሉ፦ ታካሚዎ ወደ ቀጣዩ የሕክምና ክፍል አልፈዋል። እባክዎ በመጠባበቂያ አዳራሽ በትዕግሥት ይጠብቁ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

ሰማንያ ስድስት። አሥራ ስድስት መውጣት አለበት። ምስጋናውን ላውጣ ስል እንደዚያ ነገር አልተስማማም፤ ሆስፒታሉ በቅርቡ ስለ ትሕትና ስልጠና ወስዷል። ትዕግሥቱንም አያስወጣም። አንድ ሰዓት ያህል ፊደል በፊደል መዘንኩ። መጨረሻ ላይ "ወደ ቀጣዩ የሕክምና ክፍል" የሚለው ትርፍ ሆኖ አገኘሁት። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ወደ ሕክምና ክፍል እንጂ ወዴት ያልፋል?

አወጣሁት። ስልሳ ዘጠኝ። አንድ ፊደል ተረፈኝ። ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ቢሮ በትክክል የተሠራ ብቸኛው ነገር ይህ ነው።

ረቡዕ

ፈታኟ ወንበሬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ሥራዋ እኛ የሠራነውን እየሞከረች ስህተት ማውጣት ነው፤ ዝምተኛ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። መልእክቱን አይታው ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ትንሽ... አይከብድም?"

"ይከብዳል" ስህተት አይደለም አልኳት። ስህተት ከሆነ በቁጥር ይመዝገብ፤ ምን ተጠበቀ፣ ምን ሆነ፣ በስንተኛው እርምጃ። ሰባ ተጠብቆ ስልሳ ዘጠኝ ከሆነ አልፏል ማለት ነው። እሺ ብላ ሄደች። ጥሩ ሠራተኛ ናት፤ ገለጻ ላይ ግን ትደክማለች።

ሐሙስ

የቁም ስብሰባ። እንቅፋት የለም አልኩ። አጨበጨቡልኝ። በአፍንጫዬ ይውጣ።

ሰኞ፣ አራተኛ ዙር

ባለቤቴ ሌሊቱን አልተኛችም። የት ነው የሚያምሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከአንድ እስከ አሥር ብትሰጪው ስንት ነው አልኳት። ዝም ብሎ ያመኛል አለች። ዝም ብሎ የሚያም ነገር የለም። ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ትራሷን ፊቷ ላይ አደረገች።

ይህን ጠዋት በአውቶቡስ ላይ እየጻፍኩ ነው። ሁለት ወር ሆኗታል። አሁን ወደ ኋላ ገልጬ ሳየው የመጀመሪያው ቀን ላይም ጽፌዋለሁ።

ሐሙስ

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የሐሞት ጠጠር። ሐኪሙ ሆዷን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ እዚህ ጋ ነው? አላት። አዎ አለች። ሌላ አልጠየቃትም።

ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። የሚሠራላት እኛ ፕሮግራሙን የምንሠራለት ሆስፒታል ነው፤ ለሰፈራችን የሚቀርበው እሱ ነው። ተራ ይዛለች።

ለአሰላፊዋ በስብሰባው ላይ ምንም አላልኩም። እንቅፋት የለም ብዬአለሁ።

ማክሰኞ፣ አምስተኛ ዙር

ቀን ተቆረጠ። ፕሮግራሙ በቀዶ ሕክምና ክፍል በስድስት ታካሚዎች ይሞከራል፤ በሚቀጥለው ዙር ሁለተኛ ሐሙስ። በማግስቱ ዓርብ ቡድኑ ስለ እኔ ድምፅ ይሰጣል። አለቃዬ እንደ ነገሩ ሹክ አለኝ፤ ሙከራው ከሠመረ ነገሩ ያለቀ ነው፣ ካልሠመረ ግን እኔም ልረዳዎት አልችልም።

የባለቤቴም ቀን መጣ። ያው ሐሙስ ነው። ከስድስቱ አንዷ እሷ ናት።

ቀኑን ላስቀይር አልኳት። ሳቀችብኝ።

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዬ በትክክል ነው የሚሠራው ስትለኝ ኖረሃል። እስኪ አንድ ቀን ልየው።"

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ዙር

ነገ ነው። ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞከርኩት። ሠላሳ ሰከንድ፣ ሦስት ድግግሞሽ፣ አንድ ተቀባይ። ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። ተቀባይ ሆኖ የተመዘገበው የእኔ ስልክ ነው።

ሐሙስ

ሁሉንም ልጻፍ። በትክክል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቀበሏት። በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት እጇን አነሳች። እኔ ከታካሚዎቹ ቤተሰቦች ጋር አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ አሰላፊዋና ፈታኟ መስታወቱ ጀርባ ከኮምፒውተሩ ፊት ነበሩ። አዳራሹን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ወንበሮቹ ወለሉ ላይ የተበየዱ ብረቶች ናቸው። ማንም አያወራም። ሁሉም ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዟል።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አባቱን ከእህቱ ጋር ያመጣው፣ ከፊቴ የተቀመጠው የሾፌር ቱታ የለበሰ ግዙፍ ሰው ስልኩ ጮኸ። አነበበው። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ከወንበሩ ወደ ወለሉ ወረደ። እህቱ ስልኩን ነጥቃ አየችው። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ስልክ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሦስተኛው ሲጮህ የስልኩ ባለቤት ሊያነበው ፈራና ለጎረቤቱ ሰጠው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ገባኝ ማለቴ፣ ሰዎቹ አላስተዋሉም ብዬ ተነሣሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ላስተምራቸው ነው የተነሣሁት። ወደ ሾፌሩ ሄጄ ጎንበስ ብዬ፣ ወንድሜ ተረጋጉ፣ አባትዎ ደህና ናቸው፣ "አልፈዋል" ማለት እዚህ ላይ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተሻግረዋል ለማለት ነው አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

"የቱ ጋ ነው እንደሱ የሚለው?"

ጣቴን ስልኩ ላይ አደረግኩ። የሚለው ቦታ አልነበረም። አውጥቼዋለሁ።

"በትዕግሥት ይጠብቁ ይላል" አለ። "ምኑን ነው የምጠብቀው? ሬሳውን?"

እህቱ በእንባዋ መሀል ቀጠለች፦ "ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። ምን ተባበርን? እኛ ምን አደረግን?"

ስለ ሰባ ፊደል ላስረዳቸው ጀመርኩ። ጀመርኩ። ባዶ ቦታ እንደሚቆጠር እየነገርኩ ሳለ ኪሴ ውስጥ ያለው የእኔ ስልክ ጮኸ።

"ከሆስፒታሉ፦ ታካሚዎ አልፈዋል።"

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ለሌላ ሰው እያስረዳሁ ነበር። ሳሎናችን ታየኝ፤ ሶፋው ታየኝ፤ ያ ላስቲክ መሳቢያው ውስጥ ታየኝ። አልወደቅኩም፤ ተቀመጥኩ። ወለሉ ላይ፣ ከሾፌሩ አጠገብ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

"የእርስዎም ናቸው?" አለኝ።

አዎ አልኩት። የእኔም ናት።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም። ፈታኟ በሩን በርግዳ ስትወጣ ትዝ ይለኛል፤ ያች ዝምተኛ ሴት አዳራሹ መሀል ቆማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሁሉም ወጥተው ማገገሚያ ክፍል ናቸው፣ መልእክቱ ነው የተሳሳተው አለች። አንዲት ነርስም ከኋላዋ መጥታ ስም በስም ጠራች። የሾፌሩ እህት እየሳቀችና እያለቀሰች ትመታኝ ጀመር። መብቷ ነው።

መልእክቱ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ነበር የደረሰው። መድገም እንኳ አላስፈለገም።

ሐሙስ ማታ

ባለቤቴ ነቃች። ነገርኳት። ሆዷን ይዛ፣ እባክህ አታስቀኝ ስፌቴ ይፈታል እያለች ሳቀች።

"ራስህ ጽፈኸው? ራስህ ወደቅህ?"

ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅኩም አልኳት። ባሰባት፤ ነርስ መጥታ አስወጣችኝ።

ዓርብ

አለቃዬ ጠዋት ቀድሞኝ ቢሮ ገብቷል። ሆስፒታሉ የጽሑፍ ሪፖርት ይፈልጋል። ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ነው አይደል አለኝ። "ሲያልፍ" ያለው የእነሱ ሰው ነው፣ ፈርሞበታል፣ ሪፖርቱን በዚያ በኩል ቢጽፉት ማንም እርስዎን አይነካም።

እውነቱን ነው። ወረቀቱ ይኸው፣ ከአራት ዙር በፊት የለጠፍኩት፣ ከነፊርማው። እንደዚያ ነገር የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ከስብሰባ ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ዓይኔን አላየኝም።

በየዙሩ መጨረሻ የሚደረገው የወደ ኋላ መመልከቻ ስብሰባ ላይ ሦስት ወረቀት ይታደለናል፦ ምን ጥሩ ነበር፣ ምን መጥፎ ነበር፣ ምን እንለውጥ። እስከ ዛሬ ሦስቱንም ባዶ ነበር የምመልሰው። ዛሬ መጥፎው ላይ ጻፍኩ፣ አነበብኩትም፦ "ቃሉን እንዳለ የተውኩትም ትርጉሙን የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ፈታኟ ይከብዳል ብላኝ ነበር። አዳራሹን እንዳየው አሰላፊዋ ጠይቃኝ ነበር። አልሄድኩም።" አሰላፊዋ ሰዓቱን ማስጀመር ረስታ ነበር።

ፈታኟ ማስተካከያውን አዘጋጅታ ኖሯል። ምስጋናውን አውጥታ፣ ክፍሉን መልሳ፣ "አልፈዋል" የነበረውን "ገብተዋል" አድርጋዋለች። ቆጠርኩት። ስልሳ ሰባት። ከእኔ በሁለት ያንሳል።

እንደዚያ ነገር ስለ ምስጋናው ምንም አላለም። ስንወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። አመሰግናለሁ፣ እኔም እኮ ማለት የፈለግኩት፣ ያው... አለኝና ቆመ።

"ገብቶኛል" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ሰጡ። ሁለት ይቀጥል፣ አንድ አይቀጥል፣ አንድ ደግሞ "ጥሩ ሰው ናቸው፣ ማለቴ፣ እንደዚያ ነገር" የሚል፤ ይህንን ከየትኛው እንደሚቆጥሩት ብዙ ተከራከሩበት አሉ። አለቃዬ ውጤቱን ነገረኝ፤ እቀጥላለሁ፣ ለአንድ ዙር። ከዚያ እንደገና ይታያል። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ቤት የሁለት ሳምንት ውል አደሰልኝ። ደብዳቤው ላይ ሁለት የፊደል ስህተት አለ። አልነገርኩትም።

ቅዳሜ

ጠዋት ባለቤቴ ከሆስፒታል ደወለች። ድምጿ ደህና ነው። ስትመጣ ያንን ነገር ይዘህልኝ ና አለች።

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። እሺ አልኳት።

መነጽሯን ይዤ ሄድኩ። አይደለም አለች። ትክክለኛውን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ግን እሷም እያሰበች ግንባሯን ቋጥራ ሳያት ተውኩት። ከቤታችን ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ተመለስኩ። ሰማያዊውን ሹራብ ወሰድኩ። ወደዚያ ነው፣ ተቃርበሃል አለች። እንደገና ተመለስኩ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ብዙ ቆምኩ፤ የሆስፒታሉ ክፍል ይበርዳል፣ ጎኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነው የተኛችው፣ እግሯ ብርድ አይችልም። የእኔን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ወሰድኩ።

ከቦርሳው ሳወጣው ፊቷ በራ።

"እሱን ነበር። ሳየው ነው ያወቅኩት።"

በሦስተኛው ዙር ማለት ነው። ካልሲውን አጠለቅኩላት። ይህን ለአሰላፊዋ አልነግራትም።